«ሲስተም የለም» የማይባልበት መጋዘን፦ በአንድ ላፕቶፕና በኦፕን ሶርስ መሣሪያዎች ቀለል ያለ የድርጅት ዌብ አፕሊኬሽን አሠራር

ታኅሣሥ ላይ በምዕራብ ጎጃም በቡሬ ወይም በወምበርማ በኩል ካለፋችሁ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አህያው ጭነቱን እንደያዘ ቆሟል። ጋሪው ተደርድሯል። አይሱዙው ወደ ኋላ እየገባ ነው። ሚዛኑ አጠገብ መጋዘን ጠባቂው ካርቦን የገባበት ደረሰኝ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ማታ ያንኑ ወደ ባሕር መዝገብ ይገለብጣል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከባሕር መዝገቡ ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች። አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ሦስት ጊዜም ሊሳሳት ይችላል።

ይህ መመሪያ ያንን ቁጥር በዌብ አፕሊኬሽን፣ ማለትም በብራውዘር በሚከፈት ፕሮግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ለመገላገል ነው። የጻፍኩት ትንሽ ፓይተን ለሚያውቅ ሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ወረዳው የተመለሰ ልጅ፣ ወይም በራሱ ተምሮ ማኅበሩን መርዳት የሚፈልግ ሰው ይበቃዋል።

የመጀመሪያውን ሲስተም የሠራሁት በሌላ መንገድ ነበር። ውጭ አገር ሰርቨር ተከራየሁ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የዘመድ ካርድ ለመንኩ። ገጹ ያምር ነበር። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን፣ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ የሚያውቀው ኮምፒውተር ባሕር ማዶ ቀረ። ጠባቂው ወደ ካርቦኑ ተመለሰ። አልወቀሰኝም። «ባንክ ቤትም እኮ ሲስተም የለም ይላሉ» ብሎ አለፈው። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። እህሉ እዚህ፣ ሰዉ እዚህ፣ መረጃው ግን እዚያ! ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ መረጃው እህሉ ባለበት ግቢ ይቀመጣል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ሕግ ይወጣል።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡ

ላፕቶፑን ሳትከፍቱ ሁለት ቀን መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጡ። የሚጻፈውን ወረቀት ሁሉ አንድ አንድ ኮፒ ሰብስቡ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገባው በሞዴል 19 ነው፣ የሚጠየቀው በሞዴል 20፣ የሚወጣው በሞዴል 22። ማኅበራት የራሳቸውን ደረሰኝ ሊያሳትሙ ይችላሉ። አካሄዱ ግን ያው ነው፦ ገቢ፣ ጥያቄ፣ ወጪ፣ ከዚያ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ የገቢና ወጪ መከታተያ ካርድ) ላይ ቀሪ።

እያንዳንዱን ወረቀት ይዛችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ይጽፈዋል? ማን ይፈርምበታል? ኮፒው የት ይሄዳል? መልሱ የፕሮግራሙን ገጾች፣ የተጠቃሚዎቹን ሥልጣንና ሪፖርቶቹን ይነግራችኋል። እኔ በዚህ ጊዜ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ከጠባቂው ነው። ስለ ማረሚያ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ የተቆረጠ ደረሰኝ አይቀደድም። ተሰርዟል ብዬ እጽፍበትና ሦስቱንም ኮፒ ጥራዙ ላይ እተወዋለሁ። ኦዲተር ሲመጣ ቁጥሩ ዘሎ ካገኘው ምን ልለው ነው?»

የዳታቤዙ ዋና ሕግ ይህ ነው። ብዙ ፕሮግራመር ይህን ሳያውቅ «አጥፋ» የሚል ቁልፍ ገጹ ላይ ይሰቅላል። እናንተ አትስቀሉ።

አምስት ነገር ይበቃል

የምንጠቀመው ዴቢያን ሊኑክስ (የማሽኑ ስርዓተ ክወና)፣ ፓይተን (ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ)፣ ፍላስክ (ገጾቹ የሚሠሩበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም የተዘጋጀ መዋቅር)፣ ኤስኪውላይት (ዳታቤዙ) እና ዌይትረስ (ፕሮግራሙን ለብራውዘሮች የሚያቀርበው ሰርቨር) ነው። በስልክም በላፕቶፕም በኩል ተራ ብራውዘር እንጂ ሌላ የሚጫን አፕ የለም።

ለምን እነዚህ? ፍላስክ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ትንሽ የፓይተን ፍሬምወርክ ነው። ሙሉውን አሠራሩን በሳምንት መረዳት ይቻላል። ጃንጎ የተባለው ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ የበለጠ ያቀፈ ነው፣ ለትልቅ ሥራም እኔ ራሴ እመርጠዋለሁ። ለአምስት ሰንጠረዥና ለአሥር ገጽ ግን ፍላስክ ይቀላል። ኤስኪውላይት ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ዳታቤዝ ሲሆን፣ ሙሉ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ለብቻው የሚነሳ፣ የሚወድቅ፣ ፓስወርድ የሚጠፋበት ሰርቨር የለውም። ኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥም የሚሠራው እሱ ነው።

እንደ ኦዱና ኢአርፒኔክስት ያሉ የተዘጋጁ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሲስተሞችም አሉ። ሙሉ ሒሳብ አያያዝ፣ ደመወዝ፣ ግዥ ሁሉ በአንድ ላይ ከፈለጋችሁ እነሱን ተመልከቱ። ነገር ግን ኢአርፒኔክስት ማሪያዲቢና ሬዲስ የተባሉ የመረጃ ማከማቻዎችን ጨምሮ ብዙ አጃቢ ይዞ ይመጣል። አንዱ አጃቢ ሲታመም መጋዘኑ ውስጥ የሚያክመው ማነው? እኔ ክፍሎችን የምመርጠው በዚህ ጥያቄ ነው።

ኦፕን ሶርስ ሲባል «ነፃ» የሚለው ብቻ አይደለም ጥቅሙ። ፈቃዱ ጊዜው አያልፍም። በየዓመቱ ዶላር አይጠይቅም። እናንተ ከተማ ብትቀይሩ የሚተካችሁ ሰው ኮዱን ከፍቶ ያነበዋል።

ማሽኑ

ሰርቨር የሚባል ውድ ዕቃ አትግዙ። 4 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ላፕቶፕ የምለው በባትሪው ምክንያት ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፕ ወዲያው ይጠፋል፣ ላፕቶፕ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ባትሪው የሞተ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ። ለራውተሩም ትንሽ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ ላፕቶፑ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ስልኮቹ ምንም አያገኙም።

የዴቢያንን ስቴብል እትም ያለ ዴስክቶፕ ገጽታ ጫኑት። ሲጫን የዲስክ ምስጠራውን አብሩ፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ የአባላቱ መረጃ አብሮ አይሰረቅም። ግን ዋጋ አለው፦ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ፓስወርድ መጻፍ አለበት። ይህን ለጠባቂው ቀድማችሁ ንገሩት።

ፓይተን፣ ፍላስክና ዌይትረስ በዴቢያን ጥቅሎች ውስጥ አሉ። ከዚያው ጫኗቸው። ከፒፕ (ከፓይተን የራሱ መጫኛ) ይልቅ ይህን የምመርጠው የደኅንነት ማሻሻያው ከዴቢያኑ ጋር አንድ ላይ ስለሚመጣ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ታድሳላችሁ።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ከተረሱ ግን ሥራ ያስቆማሉ። አንደኛ፣ የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋ ማሽኑ እንዳይተኛ በሲስተምዲ (የዴቢያንን አገልግሎቶች በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማዋቀሪያ ውስጥ የክዳኑን ቅንብር «ችላ በል» ወደሚለው ቀይሩት። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ እንዲሰጠው አድርጉ። ከዚያ ያንን አድራሻ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ።

ሰንጠረዦቹ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ገጽ በአንድ ቀን ይቀየራል። ዳታቤዝ ግን አንዴ ሺህ ደረሰኝ ከገባበት በኋላ መቀየሩ ከባድ ነው።

አምስት ሰንጠረዥ ይበቃናል፦ አባላት፣ ዕቃዎች፣ መጋዘኖች፣ ሠራተኞች፣ እንቅስቃሴዎች። የሰንጠረዦቹንም ሆነ የዓምዶቹን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ትችላላችሁ። ኤስኪውላይትም ፓይተን 3ም ይቀበላሉ። እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው። ኪቦርድ መቀያየሩ ትንሽ ያደክማል፤ ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰንጠረዡን ከፍታ ስታየው ምን እንደሆነ ይገባታል።

ልቡ እንቅስቃሴዎች የሚለው ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር ልዩ መለያ፣ መጋዘን፣ የሰነድ ዓይነት፣ የሰነድ ቁጥር፣ ቀን፣ አባል፣ ዕቃ፣ ያልተጣራ ክብደት፣ የጆንያ ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ የኩንታል ዋጋ፣ የመዘገበው ሠራተኛና የተመዘገበበት ሰዓት ይኖረዋል። በመጨረሻም «የሚያርመው» የሚል ዓምድ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። አንድ መስመር ስሕተትን የሚያርም ከሆነ ብቻ የስሕተቱን መስመር መለያ ይይዛል።

ገቢ በመደመር፣ ወጪ በመቀነስ ምልክት ይቀመጣል። ቀሪ የሚባል ዓምድ አትፍጠሩ። ቀሪ ሁልጊዜ የእንቅስቃሴዎቹ ድምር ነው። ቀሪውን ለብቻው ካስቀመጣችሁት አንድ ቀን ሁለቱ አይገናኙም። ያኔ የትኛው ልክ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል?

ጠባቂው 50 ኪሎ የሚለውን 500 ብሎ ቢያስገባ፣ መስመሩን አንነካም። 500ውን የሚያጣፋ የመቀነስ መስመር፣ ቀጥሎ ትክክለኛው የ50 መስመር ይጻፋል። ሁለቱም «የሚያርመው» ላይ የመጀመሪያውን መለያ ይይዛሉ። ይህን በሰው ጨዋነት ላይ ብቻ አትተዉት። በኤስኪውላይት ትሪገር (ለውጥ ሲሞከር ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) ጻፉበትና በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ማሻሻልም ማጥፋትም ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል አድርጉ። ኮዳችሁ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ እምቢ ይላል።

ስለ ቁጥር ደግሞ። ክብደትና ብርን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጡ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላችኋል። ክብደትን በግራም፣ ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። 1 ኩንታል 100,000 ግራም ነው። ለምሳሌ ኩንታሉ 4,200 ብር ቢሆንና አንድ አባል 73.5 ኪሎ ቢያስገባ፣ 73,500 ግራም በ420,000 ሳንቲም አባዙና መጨረሻ ላይ ለ100,000 አካፍሉ። 308,700 ሳንቲም፣ ማለትም 3,087 ብር ይወጣል። ሳይካፈል የሚተርፍ ሲኖር ወደየት እንደሚጠጋ ግን እናንተ አትወስኑ። ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠይቁ፣ የሰጠችውን ሕግ በኮዱ ውስጥ በጽሑፍ አስፍሩ። የገበሬው ገንዘብ ነውና።

ኤስኪውላይት ሦስት ጠባይ አለው፣ ካላወቃችሁት ያስቸግራችኋል። የሰንጠረዦችን ትስስር የመጠበቁ ሥራ በነባሪው ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ግንኙነት በከፈታችሁ ቁጥር አብሩት። የዓምድን ዓይነት በጥብቅ አይቆጣጠርም፤ ቁጥር የሚጠበቅበት ላይ ቃል ብትጽፉ ዝም ብሎ ሊቀበል ይችላል። ሰንጠረዡን ስትፈጥሩ «ጥብቅ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዋል የሚባለውን የአጻጻፍ ስልት ካበራችሁት ግን አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ማንበባቸውን አያቆሙም። የመጠበቂያ ጊዜውንም 5 ሰከንድ አድርጉ። ለአምስት ለስድስት ሰው ከበቂ በላይ ነው።

የሰነድ ቁጥር ሲሰጥ ቁጥሩን ማውጣትና መስመሩን መጻፍ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚሳካ ወይ ሁሉም የሚቀር ሥራ) ውስጥ ይሁን። መጋዘን፣ ዓይነትና ቁጥር አንድ ላይ እንዳይደገሙም ዳታቤዙን እዘዙት። ያኔ ቁጥር አይዘልም፣ አይደገምም።

የሰው ስም

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያሉ ፊደሉን በስሙ የሚጠሩ ሰዎች አሁንም ብዙ ናቸው። ለኮምፒውተርም እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ደረሰኝ ላይ ግን አንዱ ኃይሉ ይላል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሥዩምና ስዩም እንዲሁ። የአገሩ ስም ራሱ በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ ጎጃምና ጐጃም። ፕሮግራማችሁ ይህን ካላወቀ አንድ ገበሬ ሦስት ሰው ይሆናል። የትርፍ ክፍፍል ቀን ደግሞ የአባሉ ድርሻ በሦስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንደኛው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ያስቀምጣል። እሱን አትንኩት፤ በደረሰኙም ላይ የሚታተመው እሱ ነው። ሁለተኛው «መፈለጊያ ስም» ነው። ለሰው አይታይም። ወደዚህ ሲገባ ፊደላቱ ይዋሐዳሉ፦ ሐና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሃ፣ ሓና ኃ ሀ ይሁኑ፤ ኣና ዓ ደግሞ አ። ጐ ጎ ይሁን፣ ኰ ኮ፣ ቈ ቆ። ቦታ ክፍተቱንም አውጡ፣ ገብረ ማርያምና ገብረማርያም እንዲገናኙ። አንድ ሰው ሲፈልግ የጻፈው ቃል በዚሁ መንገድ ያልፍና ከመፈለጊያ ስሙ ጋር ይነጻጸራል። በፓይተን ይህ ሁሉ ከአንዲት የመተርጎሚያ ሠንጠረዥና ከጥቂት መስመር አይበልጥም።

በስም ቅደም ተከተል ስትደረድሩም በመፈለጊያ ስሙ ደርድሩ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለፊደላት የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ዝርዝር) ውስጥ ፊደላችን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በዋናው ስም ብትደረድሩ ሥዩምና ስዩም ተራርቀው ይቀመጣሉ።

አሕጽሮት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ገ/ሥላሴን ገብረ ሥላሴ ብሎ መፍታት ይቻላል። ወ/ ግን ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ወለተ ሊሆን ይችላል፣ ሮ ከተከተለው ደግሞ ማዕረግ ነው። ተ/ ደግሞ ተክለ ወይም ተስፋ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ በራሱ አይገምት። ተመሳሳዮቹን አቅርቦ ጸሐፊውን ይጠይቅ።

ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በየራሳቸው ዓምድ ይግቡ። የእኛ ስም «የቤተሰብ ስም» የለውምና ከውጭ የተቀዳ ፎርም አትጠቀሙ። ስም እስከ አያት የሚገጥምበት ሰው በአንድ ቀበሌም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ቀበሌና ጎጥ ጨምሩ። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን የአባልነት ቁጥሩ ብቻ ይሁን።

ቀኑና ሰዓቱ

ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጡ፣ ለሰው በእኛ አሳዩ። የጳጉሜን ነገር አስቸጋሪ ይመስላል እንጂ ስሌቱ አጭር ነው። ፓይተን ለእያንዳንዱ ቀን ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ዓመት የጃንዋሪ 1 ቀን ተራ ቁጥር 1 ነው። ከእኛ ቀን ወደዚያ ተራ ቁጥር ለመሄድ፦

ተራ ቁጥር = 2795 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

ዓመት ÷ 4 ሲካፈል ትርፉ ይጣላል። ለመመለስ ደግሞ ከተራ ቁጥሩ 2796 ቀንሱ። ያገኛችሁትን «ነ» እንበለው።

ዓመት = (4 × ነ + 1463) ÷ 1461

እዚህም ትርፉ ይጣላል። ከዚያ ከነ ላይ 365 × (ዓመት − 1) እና ዓመት ÷ 4 ቀንሱ። የቀረውን ለ30 ስታካፍሉ ድርሻው ላይ 1 ደምሩ፣ ወሩ ነው። ትርፉ ላይ 1 ደምሩ፣ ቀኑ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና በራሷ ትወጣለች።

ሳትፈትኑ አትመኑ። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት፣ ተራ ቁጥሩም 732931። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሦስቱ ከሠሩ ቀሪው ይሠራል።

ሰዓቱን በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ፣ በዩቲሲ አስቀምጡ። ለማሳየት 3 ሰዓት ቀንሱ፣ ከዚያ በ12 ሰዓት ዙር አምጡት። በዩቲሲ 6 ሰዓት የተመዘገበ ደረሰኝ ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ማሽኑ ሰዓቱን ከማንም አያስተካክልም። የቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች ደግሞ ዓመታት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የአሁኑ ሰዓት ከመጨረሻው መስመር ሰዓት ቀድሞ ከተገኘ፣ ፕሮግራሙ ምዝገባውን ያቁምና «የማሽኑን ሰዓት አስተካክሉ» ይበል። ይህችን ፍተሻ የጨመርኩት አንድ ሙሉ ቀን በስሕተት ቀን ከተመዘገበብኝ በኋላ ነው።

ገጾቹ

ገጾቹን በሰርቨሩ ላይ ፍላስክ በሚጠቀምበት የገጽ መቅረጫ፣ በጂንጃ ቴምፕሌት አዘጋጁ። ከባድ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ አያስፈልግም። የመመዝገቢያው ገጽ ደረሰኙን ይምሰል፤ ጠባቂው ዓይኑ የለመደው ቅደም ተከተል እንዳይዛባ። ቁልፎቹ ትልልቅ ይሁኑ፣ በአቧራማ እጅ የሚነኩ ናቸው። የማረጋገጫው ገጽ የሰውየውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና ክብደቱን በኩንታልና በኪሎ በትልቁ ያሳይ፣ ገበሬውም ቆሞ እንዲያነበው ወይም እንዲነበብለት።

ምንም ነገር ከውጭ አትጥሩ። ብዙ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ፊደል ቅርጹንና ስታይሉን ከኢንተርኔት ይስባል። መስመር ሲጠፋ ገጹ ይንጠለጠላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉትን ነፃ የፊደል ቅርጾች አውርዳችሁ ከራሳችሁ ማሽን አቅርቡ። ከዚያ የራውተሩን የውጭ መስመር ነቅላችሁ እያንዳንዱን ገጽ ክፈቱ።

ደኅንነት ላይ የማትዘሉት ይህን ነው። ፓስወርድ ከፍላስክ ጋር በሚመጣው የዌርክዞይግ መሣሪያ ወደ ሃሽ (ተመልሶ ወደማይነበብ ኮድ) ተቀይሮ ይቀመጥ እንጂ በግልጽ አይጻፍ። ከሰው የመጣ ቃል ወደ ዳታቤዝ ትእዛዝ ሲገባ በጥያቄ ምልክት ቦታ ያዥ ይለፍ፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ አትቀጥሉ። ለፎርሞቹ የሲኤስአርኤፍ መከላከያ (ሌላ ድረ ገጽ በሠራተኛው ስም ፎርም እንዳይልክ የሚያግድ) ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው። ዕቃ የሚረከበው ሰው ክፍያ አያጽድቅ። ሊቀመንበሩ ሁሉን ይይ፣ ምንም አይመዝግብ። ዋይፋዩም ጠንካራ ፓስወርድ ይኑረው፣ ለእንግዳ አይሰጥ።

ሁልጊዜ እንዲነሳ

ፍላስክ ይዞት የሚመጣው መሞከሪያ ሰርቨር ለልምምድ ነው። ለሥራ ዌይትረስን ተጠቀሙ። ፕሮግራሙን በሲስተምዲ አገልግሎት አድርጋችሁ መዝግቡት፦ ማሽኑ ሲነሳ ይነሳ፣ ቢወድቅ ራሱ እንደገና ይጀምር፣ ከዋናው አስተዳዳሪ ሳይሆን ሥልጣኑ ትንሽ በሆነ ተጠቃሚ ስም ይሂድ። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩት። የዲስኩን ፓስወርድ ከጻፋችሁ በኋላ ሌላ ምንም ሳትነኩ ገጹ በስልካችሁ ከተከፈተ ጨርሳችኋል።

ባክአፕ

የዳታቤዙን ፋይል ሥራ ላይ እያለ ዝም ብላችሁ አትቅዱ። ዋል ሲበራ የቅርቡ መረጃ አጠገቡ ባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ቅጂው ጎዶሎ ይሆናል። ኤስኪውላይት የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው። በየሰዓቱ እንዲሠራ አድርጉት፣ ቅጂውንም ቀንና ሰዓት በያዘ ስም አስቀምጡ።

ማታ መጋዘኑ ሲዘጋ አንዱ ቅጂ ተመስጥሮ ወደ ፍላሽ ይሂድ። ሁለት ፍላሽ ይኑር። አንዱ ከጠባቂው ጋር፣ ሌላው ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤት ይደር። በማግስቱ ይቀያየሩ። እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ የሚጠፋው ቢበዛ የሁለት ቀን መረጃ ነው፣ ያም ደረሰኙ ላይ አለ። በተጨማሪ በየቀኑ የእያንዳንዱን ዕቃ ቀሪ በወረቀት አትማችሁ አስፈርሙ። መብራትም ማሽንም ባይኖር ሥራው ከዚያ ይቀጥላል።

ሌላ መጋዘን ሲጨመር

ማኅበሩ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም መጋዘን ቢኖረው፣ ሁለቱን በኢንተርኔት ለማገናኘት አትጣደፉ። ለእያንዳንዱ የራሱ ላፕቶፕ ይኑረው። የእንቅስቃሴው ልዩ መለያ ከተራ ቁጥር ይልቅ ዩዩአይዲ (በዘፈቀደ የሚወጣ ረጅም መለያ) ይሁን፤ ሁለት ማሽን አንድ ዓይነት መለያ አያወጣም። መስመር አይሻሻልም፣ አይጠፋም ስላልን ማዋሐዱ ቀላል ነው፦ በሳምንት አንዴ ፍላሹ በመኪና ይመጣል፣ እዚህ የሌለው መስመር ይጨመራል፣ ያለው ይታለፋል። አዲስ አባል ግን በአንዱ መጋዘን ብቻ ይመዝገብ። አለበለዚያ የአባልነት ቁጥር ይጋጫል።

ብዙ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ በአንድ ዳታቤዝ መጻፍ ካለበት፣ ያኔ ፖስትግሬስ ወደተባለው ዳታቤዝ ተሻገሩ። ወደ ኢንተርኔት ካወጣችሁት ደግሞ ኬዲ የተባለውን ዌብ ሰርቨር ከፊቱ አቁሙ፤ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርተፊኬቱን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያድሳል። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው።

ወደ ሥራ ማስገባት

አንድ ሙሉ ወር ወረቀቱና ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ይሂዱ። ድርብ ሥራ ነው፣ ሠራተኞቹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ማታ ማታ ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነት ሲገኝ መጀመሪያ ኮዳችሁን ጠርጥሩ። የመከር ወቅት ላይ አትጀምሩ፤ በሰኔና በሐምሌ የእህል ርክክቡ ጸጥ ይላል። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ የመነሻ ቆጠራውም አብሮ ይሄዳል።

ወሩ ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። ዋናውን ላፕቶፕ አጥፍታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ለጠባቂው ባዶ ላፕቶፕ፣ የዴቢያን መጫኛ ፍላሽ፣ የፕሮግራሙንና የጥቅሎቹን ፋይል የያዘ ፍላሽ፣ የትናንት ባክአፕና እናንተ በአማርኛ የጻፋችሁትን የመመለሻ ወረቀት ስጡት። እናንተ ውጭ ሁኑ። አትርዱት፣ ሰዓት ብቻ ያዙ። እኛ መጋዘን የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወረቀቱ ላይ የባክአፑ መፍቻ ቃል ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ በታሸገ ፖስታ እንዳለ አልጻፍኩም ነበር። ጻፍኩት። በሳምንቱ ሲደገም በሰዓት ተኩል ጨረሰና፣ ውጭ ለቆመው ባለ ጋሪ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ቆረጠለት።